ከጋቢው ወዲያ

ይህ የገጠመኝ አምና ጥቅምት ውስጥ ነው። ለባለቤቴ ብነግረው «ፀሐይ መትታሽ ነው» ብሎ ስቆ አለፈው። እኔ ግን ገበታ ባቀረብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የባለቤቴ አባት፣ ኦቦ ቶላ፣ ከእኛ ጋር ናቸው። በጉብዝናቸው ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ሥራቸው ንጉሡ ሲበሉ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው መጋረጃ ይዞ መቆም ነበር። መጋረጃ ያዥ ምትክ ሳያቀርብ ቦታውን አይለቅም ይላሉ። እሳቸው ግን መንግሥት ሲገለበጥ ማንም ሳያሰናብታቸው ነው ሸሽተው የወጡት።

እርጅና ሲጫናቸው ይኸው ነገር ተነሣባቸው። ጠዋት ጠዋት ተራዬ አለፈ እያሉ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። አንድ ቀን የአሸዋ መኪና ሊገጫቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ። በር ብንቆልፍባቸው አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አንጀት ይበላል።

ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል ሲባል፣ ባዶውን ካዩት ይወጣላቸዋል ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የግብር አዳራሹ ውስጥ ሌሎቹ ጎብኚዎች አስጎብኚውን ተከትለው አለፉ። አባባ ግን ከባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉና አንዱን ጫፍ ሰጡኝ።

«ያዢ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ወደዚያ እንዳታዪ።»

ሰው እንዳይስቅብን ሰጋሁ። እንቢ ለማለትም አንጀቴ አልቻለም፤ ያዝኩላቸው።

ከዚያ ከጋቢው ወዲያ እጅ ሲታጠብ ሰማሁ። ውሃው በቀስታ ሳህን ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ ማኘክ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የሽማግሌ ማኘክ። የምግብ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ዓይኔን ከወለሉ አላነሣሁም።

ማኘኩ ቆመ። አባባ እጅ ነሡና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። የለየሁት የራሴን ስም ብቻ ነው። ጋቢውን ስናወርድ ጠረጴዛው እንደነበረው ባዶ ነው፤ ጠብታ ውሃ እንኳ የለበትም። አባባ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። እኔም እንደሳቸው እየሄድኩ እንደሆነ የነቃሁት በሩ ጋ ስንደርስ ነው።

«ምን ብለው ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ምትክ አምጥቻለሁ አልኩ። ደህና፣ ትቁም አሉኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አስፋልቱ ወጥተው አያውቁም። ፀሐይ እስክትሞቅ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይቀልዳሉ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። የመኪና ሲሳይ ከሚሆኑ ይህ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ልጄ ጓደኞቿ አይተውት መጡ መሰለኝ፣ ቤተ መንግሥቱን ካላሳየሽኝ ብላ ትነዘንዘኛለች። አባቷ ውሰጃት እንጂ ምን ያስፈራሻል ይለኛል። እኔ ግን እሷን ይዤ እዚያ በር አልገባም።