ለግብዣ የተወቀጠ ብርብራ

ጉደር ገበያ ውስጥ ልብስ አሰፍቶ ከሙሉወርቅ ጋር ያልተጨቃጨቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱሪ ለማሳጠር ይዘህላት ስትሄድ ልኩን የምትወስነው እሷ ናት። «እዚህ ጋ ይበቃሃል፤ ከዚህ ከወረደ መንገድ ትጠርግበታለህ» ትልሃለች። ብትከራከር መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይንህን ታይሃለች። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ፤ ስንት አስቸጋሪ ክፍል ይዣለሁ፤ እሷ ፊት ግን አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።

ልብስ ሰፊ ከመሆኗ በፊት ባሌ ተራሮች አካባቢ ነበረች። ፈረንጆች ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ አሳ ሊያጠምዱ በሚመጡበት አንድ ማረፊያ ስድስት ዓመት ወጥ ቤት ሠርታለች። እነዚያ እንግዶች ትል አይጠቀሙም። በመንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ዝንብ የመሰለች ነገር ይሠሩና ውሃው ላይ ያሳርፏታል፤ አሳው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይውጣታል። አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግረው አይታ «አምጣው እስቲ» ብላ ከእጁ ቀማችው አሉ። ሰውየው ቋንቋዋን አያውቅ፣ እሷ የሱን አታውቅ፤ ዝንቧን ግን ሠርታ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ቀን ወጥ ትሠራለች፣ ማታ ዝንብ ትጠመጥማለች።

በ2007 እናቷ ሲታመሙ ወደ ጉደር ተመለሰች፤ እናቷን እስከ መጨረሻው አስታመመች፤ ከዚያም የልብስ ስፌት መኪና ገዝታ እዚሁ ቀረች። ሰንበት ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማጥመጃ ዘንጓን ይዛ ወንዝ ስትወርድ ያልሳቀባት የለም። ሴት ልጅ፣ ያውም አርባ ዓመት ያለፋት፣ በዶሮ ላባ አሳ ልትይዝ! እኔም ስቄያለሁ። ክንድ የሚያህል ነጭ አሳ እያንጠለጠለች በገበያው መሀል ካለፈች በኋላ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

የአሳ ማህበራችንን ያቋቋምነው በ2008 ነው። ስምንት ነበርን። ሊቀመንበራችን ኦቦ ቦጂያ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው የሚሰማቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ የሆኑ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ደንቡን ያወጣችው ግን ሙሉወርቅ ናት። አሳ በመንጠቆ ብቻ፣ አንድ በአንድ ይያዛል። ከስንዝር ያነሰው ወደ ውሃው ይመለሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ፣ ማንም ወንዝ አይወርድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርብራ ክልክል ነው።

ብርብራ ዛፍ ነው፤ በየጓሮው አለ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ውሃ ላይ ይበተናል፤ አሳው ትንፋሽ ያጥረውና ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ነው። በዚህ ሥራ አቶ ዋቆን የሚያህል አልነበረም፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ማዳበሪያ አሳ ያወጣ ነበር። ሙሉወርቅ አልመከረችውም፣ አልከሰሰችውም። ሱቋ ጠርታ ዘንግና አንድ ቀይ ዝንብ ሰጠችውና «ወንድ ከሆንክ በዚህ ያዝ» አለችው። ሦስት ሳምንት ባዶ እጁን ተመላለሰ። በአራተኛው አንድ አሳ ያዘና በደስታ ባርኔጣው ወንዝ ሲገባ አላየም። ያን ቀን የማህበሩ ዘጠነኛ አባል ሆነ።

እንግዲህ በ2011 ነሐሴ የሆነውን ልናገር። ስናገረው ደስ አይለኝም፤ ቢሆንም ካልተናገርኩት ስለ እሷ ያልኩት ሁሉ ጎዶሎ ነው።

ነሐሴ ስምንት ቀን፣ ረቡዕ፣ ኦቦ ቦጂያ ሱቋ ውስጥ ሰበሰቡን። ቅዳሜ ከአምቦ ከዞኑ ቢሮ እንግዶች መጥተው የእውቅና ሰርተፍኬታችንን ሊሰጡን ነው። ከሰርተፍኬቱ ጋር ጨፌ የሚባለው ገባር ወንዝ በማህበራችን ጥበቃ ሥር ይሆናል። ጨፌ ትንሽ ናት፤ ከጉልበት እምብዛም አታልፍም። ነገር ግን የጉደር ወንዝ ክረምት ሲሞላና ሲደፈርስ አሳዎቹ ሽቅብ ወደ እሷ እየወጡ ጠጠሯ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ጨፌ ከጠፋች የጉደር አሳ ይጠፋል። ሦስት ዓመት ደጅ የጠናነው ለዚህ ነበር፤ ሁላችንም አጨበጨብን።

«አንድ ችግር አለ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «ጊዜው ፍልሰታ ነው። ግማሾቹ እንግዶች ጾመኞች ናቸው፤ ሥጋ አይቀርብም። የአሳ ማህበር ጠርቶን ሽሮ አበላን እንዲሉ አልፈልግም።»

በፍልሰታ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ እተወዋለሁ፤ እኔ ጴንጤ ነኝ። የኛ ችግር ሌላ ነበር። ጉደር ደፍርሶ ዝንብ ይቅርና ላም ብትገባበት አትታይም። ጨፌ ላይ ያሉት ደግሞ ልባቸው እንቁላላቸው ላይ ስለሆነ መንጠቆ ዞር ብለው አያዩም።

ኦቦ ቦጂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ብርብራ። ዋቆ መጠኑን ያውቀዋል።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሙሉወርቅ እስከዚያ ድረስ እየሰፋች ነበር።

«ሂንተኡ!» አለች። አይሆንም ማለቷ ነው፤ ስትቆጣ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ኦቦ ቦጂያ፣ አሁን ጨፌ ውስጥ ያሉት ወላዶቹ ናቸው። እነሱን ፈጅተን ጥበቃውን የምንቀበለው ለማን ነው? ለድንጋዩ?»

«አዴ ሙሉወርቅ፣ ተረጋጊ። ወንዙ እኮ ለሁልጊዜ ይጠበቃል። የአንድ ዓመት ወላድ ብናጣ በሚመጣው ይተካል።»

«ከምን ነው የሚተካው?»

ኦቦ ቦጂያ ድምፅ እንስጥ አሉ፤ ስምንት እጅ ወጣ። ከስምንቱ አንዱ የኔ ነበር። ምክንያቴን ብደብቅ ምን ይጠቅመኛል? እንግዶቹ ፊት ንግግር አድራጊው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊ ስለነበርኩ ዜናውን ቀድሜ ሰምቼ፣ ንግግሩን በሁለት ቋንቋ ጽፌ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ሰርተፍኬቱ እንዲቀር አልፈለግኩም። ያ ነው ምክንያቴ፤ ሌላ የለኝም።

ሙሉወርቅ እጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «በሉ ውጡ፣ ሱቄን ልዘጋ ነው» አለች። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጨፌ ወረድን፤ ኦቦ ቦጂያ፣ ዋቆ፣ ሌሎች ሁለት አባላትና እኔ። ዋቆ የተወቀጠውን ብርብራ በማዳበሪያ ተሸክሟል። እኔና ሁለቱ አሳውን የምንለቅምበትን ባልዲ ይዘናል። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰው ቀድሞናል።

ሙሉወርቅ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣ ነጠላዋን መስቀልያ አስራለች። የቆመችው አሳዎቹ ከተሰበሰቡበት ጠጠር በላይ፣ ውሃው ጠበብ ብሎ በሚገባበት በር ላይ ነው። ብርብራ የሚበተነው እዚያ ነው። በግራና በቀኝ እግሯ በኩል የአሳዎቹ ጀርባ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ እሷን ከነመፈጠሯም ረስተዋታል።

«ደህና አደራችሁ» አለች። «አቶ ዋቆ፣ በትን እንጂ። እኔ ላይ በትነው።»

ዋቆ ማዳበሪያውን ከትከሻው አወረደ። ብርብራ ዓይን ከነካ ያቃጥላል፣ ገላ ያሳክካል፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «እኔ ሰው ላይ አልበትንም» አለና ሳሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አዴ ሙሉወርቅ፣ ውጪ!» ኦቦ ቦጂያ ጮኹ። ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «ማህበሩ ወስኗል! ስምንት ለአንድ!»

«አሳዎቹ ድምፅ አልሰጡም።»

ኦቦ ቦጂያ ፊታቸው ጠቆረ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዛሬም ክፉ ናቸው አልልም። ነገር ግን አራት ወንድ ፊት በአንዲት ልብስ ሰፊ ተሸንፎ መመለስ ከበዳቸው። ማዳበሪያውን አንስተው ከእሷ በላይ አሥር እርምጃ ያህል ወጡና ገለበጡት።

ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወረደ። በእግሮቿ መሀል አልፎ ጠጠሩ ጋ ደረሰ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንዱ አሳ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተ፤ ሌላው ተከተለ፤ ወዲያው ወንዙ በነጭ ሆድ ተሞላ። እየተንሳፈፉ ቦቲዋን ይገጩ ነበር። እኔ ባልዲዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ሙሉወርቅ አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። ነጠላዋን ፈትታ ዘረጋችና አሳዎቹን እየዛቀች ታቅፋ ሮጠች። ከጨፌ ጎን ከምንጭ የሚመጣ ንጹሕ ውሃ የተጠራቀመበት ኩሬ አለ፤ እዚያ ዘረገፈቻቸው። ተመልሳ ስታልፈን ጮኸች፤ «ምን ታያላችሁ! ንጹሕ ውሃ ካገኘ እኮ ይነቃል!»

«እውነቷን ነው» አለ ዋቆ፤ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። «ቶሎ ከሆነ ይነቃል፤ ድሮ ስንት አምልጦኛል!» ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። እኔም ገባሁ። ሁለቱም ተከተሉን። ለግብዣው መልቀሚያ ባመጣነው ባልዲ እየቀዳን ስንሮጥ፣ ስንወድቅ፣ ስንሮጥ ቆየን። ዓይናችን ተቃጠለ፤ እጃችን ቀላ። ሙሉወርቅ ኩሬው ውስጥ ተንበርክካ አሳዎቹን በሁለት እጇ እየደገፈች ወደ ፊት ወደ ኋላ ታንቀሳቅሳቸዋለች፤ አንዱ ጭራውን መትቶ ከእጇ ሲያመልጥ «ሂድ!» ትለዋለች።

«ለእንግዶቹስ?» አሉ ኦቦ ቦጂያ ከዳር ሆነው። ባዶውን ማዳበሪያ አልጣሉትም።

ሁሉንም አላተረፍንም። ከግማሽ በላይ ግን ነቅቷል። የሞቱትን ዋቆ ሰብስቦ ቀበረ፤ አንዱንም ለጠረጴዛ አላስነካም።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ደረሱ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሽሮና ምስር ቀርቦ ጠበቃቸው። ሽሮውን ሙሉወርቅ ረቡዕ ዕለት፣ እኛን ከሱቋ እንዳስወጣች፣ ለጎረቤቷ አዝዛው ነበር። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ግን የምስቅበት ፊት አልነበረኝም። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው።

ኦቦ ቦጂያ ተነሥተው እንኳን ደህና መጣችሁ አሉ። ቀጥለውም «ክረምቱ ስለበረታ አሳ ሳይገኝ ቀርቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ።

«ተገኝቶ ነበር» አለች ሙሉወርቅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ። ዓይኗ ደም መስሏል፤ ቀሚሷ ገና ይንጠባጠባል። «ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዛሬ ጠዋት ለእርስዎ ምሳ ብለን ወላድ አሳዎች ላይ ብርብራ በትነናል። ጠብቁ ብላችሁ ልትሰጡን የመጣችሁበት ወንዝ ውስጥ ነው። ከግማሽ በላዩን አትርፈናል፤ የቀረው ሞቷል።»

የእንግዶቹ ኃላፊ፣ ወጣት ቢጤ፣ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ኦቦ ቦጂያ መሬት መሬት ያያሉ። ሰርተፍኬቱ በክፈፍ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰውየው አንሥቶ ወደ ቦርሳው መለሰው።

«ይህን ሰምቼ ልሰጣችሁ አልችልም» አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ ይልቅ ያዘነ ይመስላል። «ሪፖርት መጻፍ አለብኝ። ማን አደረገው ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ማህበሩ» አለች።

«ማህበር እኮ ሰው አይደለም፤ ስም ያስፈልገኛል።»

«እንግዲያው የኔን ይጻፉ። ሙሉወርቅ ተሰማ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጉደር። ከሥሩ ደግሞ ይህን ይጨምሩ፤ ሰርተፍኬት ኖረም አልኖረም፣ ሐምሌ ሲገባ ጨፌ ውስጥ እቆማለሁ። ብርብራ የያዘ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያልፋል።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አወጣ። ከዘጠኛችን እምቢ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ የሚጻፈው ስም ግን የሷ ነው። በሁለት ቋንቋ ያዘጋጀሁት ንግግር ኪሴ ውስጥ በስብሷል። ተነሣሁ።

«ይሰርዙት» አልኩ። «እሷ የለችበትም። የኔን ይጻፉ፤ ኤልያቄም ሂርጳ፣ መምህር። እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ።»