በፒካፑ በር በኩል የመጣ አማች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ወልድያ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ የመኪና በር ደግፌ ቆሜ ዋልኩ። በሩ ከውጭ ተገጭቶ ገብቷል። አለቃዬ ጋሽ ተካ ግን የውስጥ ልባሱን ፈተው ከውስጥ በኩል መቀጥቀጥ ጀመሩ። ተሳስተዋል ብዬ አዘንኩላቸው። "ጋሼ፣ የተገጨው እኮ በዚህ በኩል ነው" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "አውቃለሁ፤ አንተ እዚያው ሆነህ ደግፍ" አሉኝ። የተገጨ ቆርቆሮ የማቅናቱን፣ የባትላሜራን ሙያ እንዲህ ጀመርኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ከውስጥ በመዶሻ ይገፋል፤ ሌላው ከውጭ ወፍራም ብረት ይዞ ይመክታል። የገባው ወደ ቦታው ሲቃረብ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። በመጨረሻ ዓይን ጨፍኖ በመዳፍ መዳበስ ነው። ዓይን በቀለም ይሸነገላል፣ መዳፍ አይሸነገልም። ሳይገፋ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ የሚሸኝ ባትላሜራም አለ፤ እሱን እግዜር ይየው።

ላሊበላ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ወዲህ ያላየሁት የግጭት ዓይነት የለም። በቅሎ የረገጠችውን ኮፈን አቅንቻለሁ። አንድ አስጎብኚ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ተጨራምቶበት መጥቶ "ቋጥኙ መጣብኝ" ብሎኛል። ቋጥኙ ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም።

የማልረሳው ግን የአቶ ፈንታውን ፒካፕ ነው። አቶ ፈንታው የብልባላ እህል ነጋዴ ናቸው። ሞገስ የሚባል በፍላቂት መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ልጃቸውን ዝናሽን ወዶ ሽማግሌ ላከባቸው። በአገራችን ልጅ የሚጠይቅ ወንድ አባትየው ቃል ሳይሰጡት ፊታቸው አይታይም። ሞገስ ግን ሽማግሌዎቹን የሚያደርስለት ሾፌር አጣ። ራሱ ነድቶ ወሰዳቸውና ደጅ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

አቶ ፈንታው እንደ ወጉ "እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ" ብለው ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ ብቅ አሉ። ሞገስ እንዳያዩት ከመሪው ሥር ጎንበስ አለ። እንደጎነበሰም የኋላ ማርሽ አስገባ። ከኋላው ከቆመው የአቶ ፈንታው ፒካፕ በር ጋር ጓ! ከዚያ ደንግጦ ወደፊት ተፈተለከ። ሽማግሌዎቹን ረስቷቸዋል። የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ገብሬ ጥላቸውን ዘርግተው ከፊት፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላ ተሰልፈው በእግራቸው ሲሄዱ የብልባላ ሰው በየደጁ ቆሞ ሳቀ።

በማግስቱ አቶ ፈንታው ፒካፑን ይዘው መጡ። "ይሄ በር እንደነበረው ይሁንልኝ። እስኪሆን ድረስ ስለ ልጄ ማንም ቃል እንዳያነሳብኝ ብያለሁ" አሉ።

እሳቸው እንደወጡ ሞገስ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ ምኑን ኖርኩት? ያስጠጉኝና በእጄ ልሥራው" አለኝ።

"ለምን ይቅርታ አትጠይቃቸውም?"

"በየት በኩል? ፊታቸው መቅረብ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም ተቀይመው ስልኬን አያነሱም።"

በሩን አቀናሁት። በመዳፌ ዳበስኩት፤ ልክ ነው። አቶ ፈንታው መጥተው ዳበሱና "እዚህ ጋ አለ" አሉ። የለም። ቢሆንም ደንበኛ ናቸው፤ እሺ ብዬ ደግሜ ነካካሁት። ተመልሰው መጥተው "አሁንም አለ" አሉ። ጣታቸው ያረፈው ከተገጨው ቦታ ስንዝር ርቆ፣ ምንም ባልነካው ብረት ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። መዳፌን የሚያማ ሰው አልወድም።

በሌላ ቀን ሞገስ ከውስጥ ተቀምጦ ብረቱን ይዞልኛል፤ እኔም ከውጭ ለይስሙላ ቀስ እያልኩ እመታለሁ። አቶ ፈንታው ሳይታሰብ ከተፍ አሉ። ሞገስ አሁንም ጎንበስ! ደግነቱ ሞተሩ ጠፍቷል።

አቶ ፈንታው መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። "አንተዬ፣ ብረቱስ ብረት ነው፤ ይሠራል" አሉ ቀስ ብለው። "እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በገዛ ደጄ፣ በሰው ፊት ገጭቶኝ ሲሄድ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ነገ ልጄ አልጋ ላይ ብትውል እንዲሁ ትቷት ሊፈተለክ አይደለም ወይ?"

አሳዘኑኝ። ለካ እኔ ስዳብስ የሰነበትኩት ሌላ ቦታ ኖሯል። መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ወዲያው ከውስጥ ብረት ሲወድቅ ተሰማ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ረዳቴ ነው።"

"መቼ ነው ረዳት የቀጠርከው?"

የሞገስ ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ። "አባቴ፣ ይማሩኝ! ንቄዎት አይደለም፣ ዓይንዎን ማየት ፈርቼ ነው። እሷን ትቼ የምሄድበት የለኝም።"

አቶ ፈንታው እጃቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም። በመስኮቱ ቢያዩ ወጉ ሊፈርስ ነው፤ ስለዚህ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሳቅ ሲታገላቸው ግን አይቻለሁ።

"ረዳትህ አያያዙ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"የያዘውን አይለቅም" አልኩ። ውሸት ነው፤ ብረቱን ገና አሁን ጥሎታል።

በሩን እንደገና በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት። "ልክ ነው፤ ምንም የለበትም" አሉ። ጥቂት ሄድ ብለው መለስ አሉና "ለዚያ ለረዳትህ ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ በለው። ሌላ ሰው ይንዳላቸው" አሉ።

ሞገስ ዝናሽን አገባ። እስከ ዛሬ አማቱ ደጅ ሲደርስ ሚኒባሱን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ ይገባል።

ለወጣት ባትላሜራዎች የምለው ይህን ነው። ባለቤቱ "እዚህ ጋ አለ" ሲላችሁ መዳፋችሁ ምንም ባያገኝ አትቆጡት። መዶሻውን አስቀምጡና መኪናው በተገጨ ቀን በእሱ በራሱ ላይ ምን እንደደረሰ ጠይቁት።