ሳህን ውስጥ የቀረው ወርቅ

ኦሪን ሃስኬት ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት መኪና መንዳቱን ከተወ በኋላ ነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊልም ሥራ የጀመረው። ሥራ ከተባለ፤ ከኋላ ቆሞ ጢሙን ማሳየት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን እጁን ፈለጉት። ፊልሙ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን ስለሄዱ ሁለት ቀልደኞች የሚያወራ፣ ዘፈን የበዛበት ነበር። ዋናው ቀልደኛ ወርቁን ሲያገኝ በቅርብ የሚታየው እጅ የራሱ እንዳይሆን ተወሰነ፤ አካፋ ነክቶ የማያውቅ እጅ ነበራ።

ኦሪን በሃያ አራት ዓመቱ እውነተኛው የወርቅ ቦታ፣ ሰሜን ካናዳ ክሎንዳይክ ሄዷል። ሁለት ዓመት አፈር አጥቦ ባዶ እጁን ተመልሷል። አሁን ፊቱ ባይታይም፣ ስሙ ባይጻፍም፣ በዚያ ሁሉ ከሳሙና የተሠራ በረዶና ጭፈራ መሀል አንዲት ነገር እንኳ እውነት እንድትሆን ቆርጦ ተነሣ።

ጣጣው የመጣው ከመጀመሪያው ቀረጻ ነው። አሸዋና ወርቅ የተደረገበትን የማጠቢያ ሳህን ውሃ ውስጥ ነክሮ እያሽከረከረ ሲያጥብ ወርቁ ከአሸዋው ጋር ተጠራርጎ ወጣ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያው ሆነ።

«አባባ፣» አለ አዘጋጁ ክሬል፣ «ሰው ለወርቅ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ እርስዎ መልሰው ወንዝ ይከቱታል?»

«ወርቅ አይደለማ፤ ቀለም የተቀባ ጠጠር ነው። ጠጠር ቀላል ነው፣ ይወጣል። ወርቅ ከባድ ነው፣ ከታች ይቀራል።»

«እንግዲያው ዝም ብለው ያወዛውዙት። ማን ያውቅብናል?»

«እኔ።»

አራተኛው ላይ እንደታዘዘው ሊያወዛውዝ ሞከረ፤ ማጠብ የለመደው እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ወርቁ እንደገና ወጣ።

«ከምሳ በኋላ አናጺውን አምጡልኝ፣» አለ ክሬል። «እሱም እጅ አለው።»

ኦሪን ምሳ አልበላም። ጠጠሮቹን ወደ ቀባው ወደ ዴልበርት ሄደ።

«እሑድ እሑድ ዓሣ ታጠምድ የለ? መንጠቆህን የምታከብድባት የእርሳስ ድብልብል አለችህ?»

«ምን ልታደርጋት? ክሬልን ልታጠምድ?»

«ቀጥቅጠን፣ ቆራርጠን እንቀባታለን። እሷ ከጠጠር ትከብዳለች።»

«በስድስት ፊልም ወርቅ ቀብቻለሁ፤ ክብደቱን የጠየቀኝ የለም፣» አለ ዴልበርት። ግን መዶሻውንና ቀለሙን አቀበለው።

ሲመለሱ አናጺው እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ኦሪን አልፎት ውሃው ዳር ተንበረከከ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣» አለ።

ክሬል ሰዓቱን አየ። «አንድ ጊዜ።»

ሳህኑ ዞረ። አሸዋው ወጣ፣ ጠጠሩ ወጣ፣ ውሃው ጠራ፤ ቢጫዎቹ ፍሬዎች ታች ተኝተው ቀሩ።

«ይኸው ተገኘ! ዘፋኞች፣ ተዘጋጁ፣» አለ ክሬል።

ሰው ሁሉ ሲራወጥ ኦሪን ግን እንደተንበረከከ ቀረ። ፍሬዎቹን በአውራ ጣቱ እየነካ ያለቅሳል። ዴልበርት ጎንበስ አለለት።

«ኦሪን፣ እርሳስ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ራሴ ነኝ የቀባሁት።»

«ታዲያ ተነሣ፣ ሊዘፍኑ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥብ አንድም ቀን ወርቅ ሳህኔ ውስጥ ቀርቶልኝ አያውቅም፣» አለ ኦሪን። «ትንሽ ልየው።»

ዴልበርት ቀና ብሎ ሙዚቃው እንዲቆይ በእጁ ምልክት ሰጠ።