ቀዝቃዛው ጭስ ማውጫ ስምንት መቶ ዲግሪ ሲል

እጃችሁ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ብረት ጨብጦ፣ ዓይናችሁ ግን «ፍም ሆኗል» የሚል ቁጥር አንብቦ ያውቃል? እኔን ባለፈው ክረምት ገጥሞኛል። ዛሬም ሳስታውሰው መዳፌን ይቀዘቅዘኛል።

እንጅባራ ውስጥ የአውቶ መካኒክ መምህር ነኝ። የእህቴ ባል ጋሼ ሞገስ ቲሊሊ ከተማ ይኖራሉ፤ የናፍጣ ፒካፕ አላቸው። ያን ሰሞን እህቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ እንጅባራ ነው። እሳቸው ግን «በዚህ መኪና አልወስዳትም» አሉ። መኪናው መንገድ ላይ ያለው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሲደርስ ሁልጊዜ ጉልበት ያጣል።

ላየው ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐይቁን ጉም ሸፍኖታል። የተቦረቦረው አስፋልት ላይ ስንደርስ መኪናው አቃሰተና መሳብ አቃተው። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ጸለዩ። ሲያስነሱት ምንም እንዳልነበረበት ተፈተለከ።

«አየህ? የሐይቁ ሰይጣን ያዘን፤ ስንለማመን ለቀቀን።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይጀምራል። ለዚያ ነው።»

«እንግዲያ ሰይጣኑንም ኮምፒውተር አስተምረኸዋላ!»

በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ መመርመሪያ ሰካሁና በስልኬ አነበብኩ። ሞተር ሳይነሳ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ሁሉ ከአየሩ ጋር የተቀራረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ዐሥራ አንድ ዲግሪ። የራዲያተሩ ውኃ ዐሥራ ሁለት። ጭስ ማውጫው ስምንት መቶ ዐሥር!

ስልኬን ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁና ቧንቧውን ጨበጥኩት። ጤዛ አርሶታል። እጄን እንዳነሳሁ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ወደ ዐሥራ አንድ ወረደ፤ ቆየት ብሎ ተመልሶ ወጣ። የሚተነፍስ ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ እየዳህኩ ወጣሁ።

«ምነው መምህር፣ አንተንም ያዘህ?» አሉ ጋሼ።

አፍሬ ተመለስኩ። የመኪናውን ሽቦ ለካሁ፤ ደህና ነው። የሴንሰሩን አንገት ስወዘውዘው ግን ቁጥሩ አብሮ ዘለለ። ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው። የመንገዱ ጉድጓድ ሲያንገጫግጨው ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም ቧንቧው የጋለ መስሎት ጉልበት ይቀንሳል።

ሴንሰሩን በቀየርን በሦስተኛው ቀን እህቴን ምጥ ያዛት። ዘንገና ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ጭምር ውጦታል። የጋሼ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«አያጥፉት!» አልኩ።

አላጠፉትም። መኪናው አለፈ፤ እህቴም ሐኪም ቤት ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ብልሽቱን ለተማሪዎቼ አሁን በደስታ አስረዳለሁ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ለምን እንደ ወረደ ግን የምነግራቸው የለኝም። መኪናችሁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ እናንተም ማለዳ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ የጭስ ማውጫውን ቁጥር ከአየሩ ጋር አስተያዩት። ብቻችሁን ግን አትሁኑ።