ባለ አንድ ዓይኗ ቢራቢሮ

ማራኪ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ቄስ ናቸው። አንድ ቀን ክፍሌ ጎራ ሲሉ በአክሪሊክ ቀለም የሣልኳትን ቢራቢሮ አሳየኋቸው። ክንፎቿን ገጥማ አበባ ላይ ያረፈች፣ ከጎን የምትታይ ናት፤ ለክንፏ ብናኝ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ሦስት ቀን ለፍቻለሁ።

«ሸጋ ናት» አሉ። «ምነው ታዲያ አንድ ዓይን ብቻ? ምን በደለች?»

ለካ በእሳቸው ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ኃጢአተኛ ነው! ተናደድኩ። «አባ፣ ቢራቢሮ እኮ ከጎን ስትታይ እንዲህ ናት!»

ቢሆንም በሳምንቱ ፊቷን ወደ እኛ ያዞረች ሌላ ሣልኩ። ሁለቱን ዓይኖቿን አይተው «አሁን ጸደቀች» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን፣ ከጎን የሣልኩትን የራሴን ፊት ትክ ብለው አዩና አማትበው ወጡ።