ስሙ የማይጠራው ተራራ

«ውሻችሁን ያዙ!» አለች ናንሳልማ፣ ሞተር ብስክሌቷን ከድንኳኑ ራቅ አድርጋ አቁማ። በዚያ አገር ሰላምታ የሚጀምረው ከውሻው ነው፤ ውሻ ኖረም አልኖረም።

ጸቨል በወንዙ መሻገሪያ ብቻዋን የምትኖር ከብት አርቢ ባልቴት ናት። ከሱፍ ድንኳኗ ብቅ ስትል ያየችው አንዲት ጎልማሳ ሴትና አንድ ሽማግሌ በአንድ ረጅም የሐር መቀነት ወገብ ለወገብ ተጠፍረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ነበር።

«ውሻው ከሞተ ቆየ» አለች። «ይልቅ ከሁለታችሁ እስረኛው የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው ከልጁ ጀርባ። «ይቺ ፖሊስ ከደቡብ ጀምራ እያንገላታችኝ ነው። ምግብም አትሰጠኝ።»

«ሰጥቼዎት ነው የተፉት፣ አባዬ።»

ጸቨል ሳቀች፤ መቀነቱ ሲፈታ ግን ሳቋ ጠፋ። ሽማግሌው ዳምባ መቆም አልቻለም። ዓይኑም ቆዳውም እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። ሁለቱ ሴቶች ተሸክመው ከምድጃው ጀርባ፣ ከክብር ቦታው አስተኙት። ጨው የገባበት የወተት ሻይ ቢቀርብለት ከንፈሩን ብቻ አረጠበ።

«በዚህ ዕድሜው በሞተር ወዴት ልታደርሺው ነው?» አለች ጸቨል፣ ከድንኳኑ ውጭ።

«አድርሼው እየተመለስኩ ነው፣ እትዬ» አለች ናንሳልማ። ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ናንሳልማ በደቡቡ ሜዳ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ወንድሞቿ ወደ ከተማ ገብተው ቀሩ፤ እሷ ለአባቷ ቀረች። አንድ ሁለቴ ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፤ አባትየው ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሠርጉ ሲተላለፍ እነሱም ተዉት። ሐኪሙ የአባትሽ ጉበት አልቋልና ቤቱ ይዘሽው ሂጂ፣ ያማረውን አብዪው ሲላት ያማረዎት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ሥጋ ይለኛል ብላ ነበር። እሱ ግን «አፈር» አላት። እትብቱ በተቀበረበት መሬት ላይ፣ ኮርቻው እንደ ወረደለት ፈረስ አንዴ ተንከባልሎ መሞት ነው የፈለገው። ወገኖቹ ሁሉ ከሩቅ ሲመለሱ የሚያደርጉት ነው።

መኪና ወደዚያ አይሄድም። የወንድሟን አሮጌ የሩስያ ሞተር አወጣች፤ እንዳይወድቅባት በራሱ መቀነት ከወገቧ አሰረችው።

ችግሩ ቦታው ነበር። የተራራን ስም ተራራው እያየ መጥራት በዚያ አገር ነውር ነው፤ አባትን በስሙ እንደ መጥራት ያለ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በደጁ ያለውን ተራራ «ርኅሩኁ» እያለ ያልፋል። ከዳምባ እናት አፍም ሌላ ስም ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ ወላጆቹ ሞተውበት አጎቱ ወደ ደቡብ ሲወስደው ይዞት የሄደው ይኸንኑ ነው። «ርኅሩኁ ኮርቻ ይመስላል። በራችን እንደ ሰው ሁሉ በር ወደ ቀትር ፀሐይ ነው፤ ደጃፉ ላይ ስትቆሚ ወንዙ በቀኝሽ ነው። ሳየው አውቀዋለሁ» ይላት ነበር።

ረግረጉን እየገፉ፣ ወንዝ በመጣ ቁጥር ጥልቀቱን በእግሯ እየለካች፣ ደኑ ውስጥ ገቡ። ከጫካው ዳር አንድ ፈረሰኛ አገኘች።

«ወንድሜ፣ ርኅሩኁ በየት በኩል ነው?»

«የማን ርኅሩኅ? የኛው ያውልሽ።»

«ኮርቻ የሚመስለው።»

«ኮርቻ የማይመስል ተራራ የታለና! ስሙን ንገሪኝ።»

«አላውቀውም።»

«አባትሽስ?»

«እናቱ አልነገረችውም።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ተራራው ዞረ። «ደግ አድርጋለች» አለ። «እኔም ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።»

በማግስቱ ከአንድ መተላለፊያ አናት ወጡ። መንገደኛ ሁሉ ለሚሳለመው የድንጋይ ክምር ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ነፍታ ቆመች። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ተራሮቹ እስከ ጫፋቸው ይታያሉ።

«አባዬ፣ የቱ ነው?»

ዳምባ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። «ጉሙ እስኪገፈፍ እንጠብቅ» አለ።

ናንሳልማ ዞራ ዓይኑን አየችው። መቼ እንደ ጠፋ አታውቅም። «እሺ፣ ይገፈፋል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤንዚኑ ለመመለሻ ብቻ ሆነ። እሱም ጠዋት ላይ ደም ተፋ። እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ወንዝ ዳር፣ ድስት የተደፋ ከሚመስል ተራራ ሥር ሞተሩን አጠፋች።

«ደረስን፣ አባዬ።»

«ርኅሩኁ አለ?»

«አለ።»

«እንደ ኮርቻ ነው?»

«እንደ ኮርቻ ነው» አለች፣ ተራራውን እያየች።

በጉልበቱ ሄዶ ሣሩን ዳሰሰ፤ አፈሩን አሸተተ። አንዴ በራሱ ተንከባለለ፤ ለሁለተኛው እሷ ገፋችው። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ወንዙን ሲያዳምጥ ቆየ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እንሂድ» ብቻ አላት። በመንገድ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ተደግፎ ዝም አለ፤ እሷ ዝምታውን እርካታ አድርጋ ወሰደችው።

የጸቨል ወንዝ ግን ሲሄዱ ታች በኩል እንደ ተሻገሩት ሆኖ አልጠበቃቸውም። ላይኛው አገር ዘንቦ ሞልቷል። ሞተር አይሻገረውም፤ በሽተኛም አይሻገረውም። ስለዚህ ናንሳልማ በጸቨል ፈረስ ተሻግራ፣ ከወረዳው ጎማው ትልቅ የሆነ የጭነት መኪና ለምና፣ ላዩን ዞራ በዚያው ድስት በመሰለው ተራራ ሥር እንድትመለስ ተስማሙ።

«እስክመጣ ሾርባ ይጠጡ፣ አባዬ።»

«እጠጣለሁ» አለ። ጸቨል ቀና ብላ ናንሳልማን አየቻትና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

ፈረሱ ተጭኖ ቆመ። ጸቨል መንገዱ እንዲቀና ከሂያጅ ኋላ የሚረጨውን ወተት በጭልፋ ይዛ ወጣች። ዳምባ የልጁን ግንባር ስቦ አሸተታት፤ መቀነቱንም በእጇ አስጨበጣት።

«ውሃው ውስጥ ስትገቢ ከኮርቻው ጋር ታሰሪ። ስትመለሺ ደግሞ በዚያ ተራራ ሥር አትለፊ። ቢርቅብሽም ዙሪያውን ነይ።»

«ለምን፣ አባዬ?»

«ፊቴን ወደ ፀሐይ ሳዞር ውሃው በግራዬ ነበር» አለ። «ለኔስ ግዴለም። አንቺ ግን ተራራውን በሌላ መልክ ጠርተሽው፣ ዓይኑ እያየ ዋሽተሽበታል። ርኅሩኅ እንለዋለን እንጂ፣ ልጄ፣ አይረሳም።»