የዘገየ ለቅሶ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ፣ ባጃጆች በሚተራመሱበት ጥግ፣ ዳልጮ የሚባል ጎሚስታ አለ። እሱ ዘንድ ጎማ ያስጠገነ ሰው ጎማውም ጆሮውም ተሞልቶ ነው የሚሄደው። ዳልጮ ደንበኛው ይቸኩል አይቸኩል ግድ የለውም። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክርና አረፋው በየት በኩል እንደሚወጣ እየፈለገ ወሬውን ይጀምራል። ቀዳዳው ይገኛል፣ ይደፈናል፣ ይነፋል፤ ወሬው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ባለባጃጁ ሞተሩን አስነስቶ እየሄደ እንኳ ዳልጮ ከኋላው ጮክ ብሎ ይጨርስለታል።

የጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ልጅ ነው። አባቱም ወንድሞቹም ሸማኔዎች ናቸው። እሱንም ገና በልጅነቱ ከሽመናው ጉድጓድ አስገብተውት ነበር፤ ግን አንድ ክንድ ሳይሸምን አገር ምድሩን አውርቶ ይጨርሳል። አባቱ ተስፋ ቢቆርጡ «አንተን የሚችልህ መንግሥት ብቻ ነው» አሉት፤ እሱም እውነት መስሎት ወታደር ቤት ገባ። አማርኛን እንደ ልብ የለመደው እዚያ ነው። ዛሬም ሲቸኩል ወንዱንና ሴቱን ያምታታል። ሚስቱን የሺመቤትን «አንተ» ብሎ ሲጠራት እሷ «አቤት ጌታዬ» ትለውና እስኪያስተካክል ድረስ ምሳውን ይዛ ትቆማለች። እንዲህ ያለውን ሰው አለመውደድ ይከብዳል። የሚያደክም ሰው ነው፤ ቢሆንም ይወደዳል።

በ2001 ዓ.ም. ዳልጮ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ በሰፈረ አንድ የጦር ክፍል ውስጥ አስር አለቃ ነበር። በዓመቱ መግቢያ ላይ ከእሱ አልጋ ቀጥሎ የሚተኛ ዳግም የሚባል ወጣት ወታደር በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዳግም በዳልጮ ቀልድ ከሁሉም በላይ የሚስቅ ልጅ ነበር። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተሸኘ፣ አልጋው ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። የከለከለ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሞት ሲመጣ ሰው ምን ብሎ እንደሚያለቅስ ግራ ይገባዋል፤ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ንፍሮ አይቀቀልም፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ዳልጮም አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እንዲያውም ቀልዱን ጨመረበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መቶ አለቃ ብሩክታዊት የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥታ በክሊኒኩ አንድ ክፍል ተሰጣት። ለወታደሮች የአቻ ለአቻ ድጋፍ ሥልጠና ልሰጥ ነውና ከየቡድኑ አንድ ሰው ምረጡልኝ አለች። የዳልጮ ቡድን መሪ ሃምሳ አለቃ ካሱ ብዙም አላሰበበት። «ዳልጮ ይሂድ፤ ያ አፉ ሥራ ያግኝ» አለ። ዳልጮም የከፋውን ሰው አስቆ የሚያድን ሐኪም የተደረገ መስሎት እየተንጎራደደ ሄደ።

መቶ አለቃዋ ግን አፉን አልፈለገችውም። «ከእናንተ የምፈልገው ጆሯችሁን ነው» አለች። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሲከፋው አይታችሁ አይዞህ ለማለት አትሩጡ። አይዞህ ያላችሁት ሰው ወሬውን ያቆማል። መጀመሪያ ይጨርስ። አይዞህ የትም አይሄድባችሁም።»

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት እንዲቀመጡና ጥያቄውን ሳያድበሰብሱ እንዲጠያየቁ አዘዘች፦ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ቤቱ ተረበሸ። አንዱ አማተበ። ሌላው «ኧረ መቶ አለቃ፣ ይሄ ሟርት ነው፤ ያላሰበውን ልናስታውሰው ነው?» አለ።

«ያላሰበ አላሰብኩም ይላችኋል» አለች። «ያሰበው ግን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የከረመ ሊሆን ይችላል።»

ተራው ለዳልጮ ደረሰ። «ራስህን…» ብሎ ጀመረ፤ ላብ አጠመቀው። «ራስህን… ራስህን ያምሃል?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጥያቄውን ግን አልጠየቀም። መቶ አለቃዋ ወደ ሌላው ትምህርት ስታልፍ፣ ሊሞት የቆረጠ ሰው የሚወደውን ዕቃ ማደል እንደሚጀምር ስታስረዳ፣ ዳልጮ አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር በሹክሹክታ ወሬ ይዞ ስለነበር ግማሹን ሰምቶ ግማሹን አሳለፈው።

በቡድኑ ውስጥ ሶፎንያስ የሚባል የገረሴ ልጅ ነበር። ከዳግም በኋላ የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ሲጠሩት ብቻ የሚናገር ልጅ። ያን ሰሞን ጭራሽ ዝም ብሎ ከርሞ ድንገት ፊቱ በራ። ሬዲዮኑን ለአንዱ ሰጠ። እናቱ ፈትላ ያሠራችለትን ጋቢ ደግሞ አጣጥፎ ለዳልጮ አመጣለት። «አንተ ልበሰው፤ አንተ ላይ ያምራል» አለው። ዳልጮ መረቀው። ማታ ማታም እንደ አገር ሽማግሌ አጣፍቶት በግቢው ውስጥ ሲንጎማለል ይታይ ጀመር።

እሑድ ከሰዓት ጋቢውን ፀሐይ ላይ ሊያሰጣ ወጣ። ሃምሳ አለቃ ካሱ በዚያ ሲያልፍ አየው።

«ይሄ የሶፎንያስ አይደል? እናቱ የፈተለችለት?»

«ሰጠኝ እኮ! እንግዲህ ሰው ከወደደኝ ምን ላድርግ፣ እኔ ደግሞ…» አለና ወሬው መሃል ላይ ተቆረጠ። የሸማኔ ልጅ ነውና እናት የፈተለችው ጋቢ ለማንም እንደማይሰጥ ያውቃል። ያ በግማሽ ጆሮ የሰማው ትምህርትም ያን ጊዜ መጣበት። ጋቢውን እንደያዘ ሮጠ።

ሶፎንያስ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ዳልጮ አጠገቡ ዘፍ አለ። «አንድ ሰውዬ ነበር አሉ…» ብሎ ቀልዱን ጀመረ፤ አፉ ሌላ መንገድ አያውቅማ። ግን ተወው። ጋቢውን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ሶፎንያስ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ልጁ አልተቆጣም። ጫማውን መሬት አስቀመጠ። «አዎ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

አይዞህ የዳልጮ ምላስ ጫፍ ላይ መጣች፤ ዋጣት። ዝም ሲል ልጁ ማውራት ጀመረ።

ሳሙና ግዛ ተብሎ ሲቀላ ወርዶ ነበር። እግረ መንገዱን ከስልክ ቤት ገረሴ ወዳለው ጎረቤታቸው ሱቅ ደወለ፤ እናቱን እንዲጠሩለት። ባለሱቁ «አልሰማህም እንዴ? እናትህ ከተቀበረች ሰነበተች እኮ» አለው። ከኋላው ወረፋ የያዘው ሰው «ቶሎ በል እንጂ» ይለዋል። ስልኩን ዘጋ። «ከዚያ ሳሙናውን ገዝቼ ተመለስኩ» አለ ሶፎንያስ። «ለፋሲካ ፈቃድ ደርሶኝ ለሌላ ልጅ ሰጠሁት። ለመስቀል እሄዳለሁ፣ የት ትሄድብኛለች ብዬ።» ለማንም አልተናገረም። ወር ሙሉ እንደ ሰው ተሰልፏል፣ በልቷል፣ ዘብ ቆሟል።

ዳልጮ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሲጨርስ «በል ተነሳ፣ አብረን እንሂድ» አለውና እጁን ይዞ ወደ መቶ አለቃ ብሩክታዊት ወሰደው። እሷም ልጁን ረጅም ሰዓት አነጋገረችውና በማግስቱ ሐኪም እንዲያየው አመቻቸች። ካሱንና ዳልጮን ለብቻ ጠርታ ደግሞ «ብቻውን አይሁን። መሣሪያውም ከእጁ ይራቅ» አለቻቸው።

ካሱ ጭንቅ ያዘው። ወታደርን መሣሪያህን አስረክብ ማለት ወንጀለኛ ነህ እንደማለት ነው፤ በልጁ ሐዘን ላይ ይህን ውርደት ቢጨምሩበትስ? ሲብሰለሰል ዳልጮ «ሃምሳ አለቃ፣ ሐዘንተኛ ዘብ ይቆማል?» አለው።

«አይቆምም።»

«ብቻውንስ ያድራል?»

ካሱ ቀና ብሎ አየው። «አያድርም» አለ። ደግሞም «መርዶም እኮ አልተነገረውም» አለ።

ያን ሌሊት ካሱ የልጁን ጠመንጃ በዘዴ እሱ ዘንድ አሳደረው፤ ዳልጮም አልጋውን ከልጁ አልጋ ጋር አጋጥሞ ተኛ። ጎህ ሲቀድ ቡድኑ ሁሉ በሶፎንያስ ዙሪያ ቆመ። ካሱ ቆቡን አውልቆ፣ ያ ሲቆጣ ግቢ የሚያናውጠው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ወንድማችን ሶፎንያስ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ እናትህ አርፈዋል» አለ። ልጁ ወር ሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ቢሆንም «እናቴን!» ብሎ ገና አሁን የሰማ ያህል ጮኸ። ደረቱን ሲመታ እጁን ያዙት። እናታቸውን የቀበሩትም ያልቀበሩትም አብረውት አለቀሱ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ። ከወጥ ቤት ንፍሮ በባልዲ መጣ። ካሱ የልጁን ጠመንጃ ከራሱ ጋር አንግቶ «አንተ ሐዘንተኛ ነህ፤ ዘቡን ለእኛ ተወው» አለና ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ወሰደው። ማንም አላፈረም።

በአንድ ለቅሶ ሰው ዳነ ብሎ የሚያወራ ካለ ውሸታም ነው። ሶፎንያስ ለብዙ ወራት ሐኪም ዘንድ ተመላልሷል፣ መድኃኒት ወስዷል፣ አንዳንድ ቀን ከአልጋ መነሳት አቅቶት ዳልጮ ፊቱን አጥቦታል። ደህና ሲሆን ዳልጮ ጋቢውን ሊመልስለት አመጣ። ልጁ አልቀበልም አለ፤ «ሳየው ይከብደኛል፤ አንተ ዘንድ ይሁን» አለው።

«ስጦታ ከሆነ አልፈልግም» አለ ዳልጮ። «አደራ ከሆነ አስቀምጥልሃለሁ። ባለአደራ አለኝ ብለህ ትመጣለህ፣ ትወስዳለህ።»

ዳልጮ ጉልበቱን ታሞ ከሠራዊቱ ሲሰናበት ጋቢው አብሮት ሲቀላ ወረደ። የሺመቤትን ሲያገባ ሣጥኗ ውስጥ ገባ። ሶፎንያስም ተሰናብቶ ገረሴ ገባ፤ ድንችና ገብስ ያመርታል። በየዓመቱ የእናቱን ሙት ዓመት ካወጣ በኋላ ዳልጮ ዘንድ ይወርዳል። ዳልጮም ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ባለባጃጆች ሁሉ እየሰሙ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ይለዋል። ሰው ይደነግጣል። ሶፎንያስ «ዘንድሮስ የለም» ይላል። አንድ ዓመት ግን «ከብዶኛል» አለው፤ ዳልጮ ሱቁን ዘግቶ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ። ጋቢውን ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀም። የሺመቤት በየክረምቱ ብል እንዳይበላው እያወጣች ታናፍሰዋለች፤ ዳልጮም ባየው ቁጥር ይህን አደራ ባለቤቱ መቼ ይወስድልኝ ይሆን እያለ ይጨነቃል።

በ2009 ዓ.ም. ሶፎንያስ ያለወሩ መጣ። «ጋቢዬን አምጣ» አለ ገና ከሩቅ። «ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች። ክርስትናዋ ደርሷል። በእናቴ ጋቢ ላቅፋት ነው።»

ዳልጮ «አሁን ከሳሳ በኋላ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ግን ዓይኑ ሞላበት። የሺመቤት ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው ጋቢውን ከሣጥን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ሶፎንያስ ተቀብሎ አሸተተው፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ተሰናብቶ እስከ በሩ ሄደ። ከዚያ ዞር አለ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ አንተንስ ማን ጠይቆህ ያውቃል?»

«እኔን? እኔማ ቀዳዳ ሁሉ የምደፍን…»

ሶፎንያስ አልሳቀም። ተመልሶ መጣና ያረጀ ጎማ ገልብጦ ተቀመጠ። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔስ አላውቅም» አለ ዳልጮ። ከዚያ አንድ ቀልድ ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። ሶፎንያስ ጠበቀው። አንድ ባለባጃጅ ጎማ ይዞ ብቅ ሲል የሺመቤት «ዛሬ ተዘግቷል» ብላ መለሰችው።

«ካንተ በፊት ከአልጋዬ ቀጥሎ የሚተኛ ልጅ ነበር» አለ ዳልጮ በመጨረሻ።

«አንድ ልጅ እንደነበር ይሉ ነበር። ስሙን ግን የነገረኝ የለም።»

«እኔ ሳወራ ይስቃል። ሁልጊዜ ይስቃል። ሲስቅ አይቼ ደህና ነው ብዬ…» አልጨረሰውም። «ለቅሶውን እንኳ አልተቀመጥንም።»

ሶፎንያስ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ የዳልጮ ትከሻ ላይ አደረገው። «ስሙ ማን ነበር?»

ዳልጮ ዘይት የነካው እጁ ጋቢውን እንዳያቆሽሸው ወደ ጎን ዘርግቶ «ዳግም» አለ። «ዳግም ነበር።» ከዚያ ለዘመናት የወሬ ቦታ በነበረችው ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ አለቀሰ። የሺመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ስንዴና ባቄላ ልትቀቅል ወደ ጓዳ ገባች።